የወንጀል ጠበቃ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ሰው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይያዛል

ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሳው ስልክ ነው። አንዱ «የማውቀው ኮማንደር አለ» ይላል፣ ሌላው «ሽማግሌ እንላክ» ይላል፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ደግሞ «ስመ ጥር ጠበቃ ልላክላችሁ» ይላል። ይህ ሁሉ ሲባል ታሳሪው ብቻውን ቃሉን ሰጥቶ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ግማሽ ሥራው ያንን ፊርማ መታገል ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በቅደም ተከተል የተጻፈው ሰዓትን አስቦ ነው። የሚመለከተው የወንጀል ጉዳይን ብቻ ነው፤ የውርስ፣ የቦታና የፍቺ ክርክር ሌላ ዓይነት ጠበቃ ይፈልጋል፤ ለመምረጥም የበለጠ ጊዜ ይሰጣል።

1. መጀመሪያ ሰውየው የት እንዳለ እወቁ

ተያዘ የተባለው ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ሆኖ ሰውየው ደሴ ሊገኝ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው መንገድ ሐረጎን ወጥቶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምርመራው ወደ ዞን ፖሊስ ከተላለፈ ታሳሪውም አብሮ ይሄዳል። ጣቢያው በር ላይ ደርሳችሁ እነዚህን ጠይቁና በወረቀት ያዙ፦ የያዘው ጣቢያ፣ የመርማሪው ስም፣ በምን እንደተጠረጠረ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆነ ደግሞ የመዝገብ ቁጥሩና የሚቀጥለው ቀጠሮ።

ሰዓቱን መያዝ የምለው ለወግ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም የሚል ነገር አንቀጹ ውስጥ የለም። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ካላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠበቃ ስትደውሉ የመጀመሪያው ወሬያችሁ ይህ ይሁን።

ስንቅ ስታደርሱ ለማነጋገር ከተፈቀደላችሁ አጭር ነገር ንገሩት። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ነገር በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል፤ እንዲያምን ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ስሙንና አድራሻውን ይስጥ፣ ለቀረው «ጠበቃዬን ካማከርኩ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ይበል። ይህ እንቢተኝነት አይደለም፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። ከዚህ ያለፈ ወሬ ግን እዚያ አታውሩ። «እውነት አድርገኸዋል?» ብሎ በሰው ፊት የሚጠይቅ ወንድም፣ ሳያውቅ ምስክር እየሰበሰበ ነው።

ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የልደት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ በዚያው ቀን ፈልጉ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የሚዳኝበት ሥርዓት የተለየ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቅጣት ላይ ልዩነት ያመጣል። ዕድሜው በግምት ተጽፎ መዝገብ ውስጥ ከገባ ማረሙ አድካሚ ነው።

2. አንቀጹን ጠይቁ

«በግድያ ተጠርጥሮ» ወይም «በኮንትሮባንድ ተይዞ» ማለት ብቻውን ለጠበቃ ብዙ አይነግረውም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ለሚሠራ ሾፌር ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። አይሱዙ ተገልብጦ ሰው ሞተ እንበል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 ከሆነ የተጠረጠረው፣ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ሁለት ሰው ሞቶ ከሆነ፣ ወይም ሾፌሩ ግልጽ ደንብ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ነው ከተባለ ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ይመጣል፤ ያ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የዋስትና ሕጉ ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ወይም ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዋስትና ይከለክላል። እንግዲህ ሾፌሩ ቤቱ ሆኖ ይከራከር ወይስ ማረሚያ ቤት ሆኖ የሚለውን የሚወስነው ከቁጥር 2 ወደ 3 የሚደረግ አንድ ለውጥ ነው። ጎበዝ የወንጀል ጠበቃ ገና ክሱ ሳይጻፍ የሚሟገተው እዚህ ላይ ነው፦ ትራፊክ ፖሊሱ የሳለው ፕላን ምን ይላል፣ ፍሬኑ በማን ተመረመረ፣ ተጨማሪ ሰው የጫነው ማነው።

በእኛ አካባቢ የሚበዙት ሌሎች ጉዳዮችም እንዲሁ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከባቲ መስመር በሚገባ ዕቃ የሚነሳ የጉምሩክ ክስ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆችን አሻግሯል ተብሎ በአዋጅ 1178/2012 የሚቀርብ ክስ፣ በአዋጅ 1177/2012 የሚታይ የጦር መሣሪያ ጉዳይ፤ እነዚህ በፌዴራል አዋጅ የሚመሩ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ሥልጣንን ጨምረው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፌዴራል ቢሆንም ክርክሩ የክልል ችሎት ላይ ሊሆን ይችላል። ተራ የድብድብ ክስ ሲይዝ የኖረ ጠበቃ በጉምሩክ ጉዳይ ላይ አዲስ ተማሪ ነው። ይህን ዓይነት መዝገብ ይዞ ያውቅ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት።

3. ስም ከየት ይገኛል

ደሴ ላይ ጠበቃ ማግኘት አያስቸግርም፤ በፍርድ ቤቱ አቅራቢያ ባሉ ሕንፃዎች ታፔላው ተደርድሯል። የሚያስቸግረው መለየት ነው። እኔ የማምነው የስም ምንጭ የጠዋት ችሎት ነው። የወንጀል ችሎት በመርህ ደረጃ ለማንም ክፍት ነውና አንድ ጠዋት ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። መዝገቡን አንብቦ የመጣው ማነው፣ ምስክር ሲጠይቅ አጭርና የታሰበበት ጥያቄ የሚያቀርበው ማነው፣ ቀጠሮ ለማስለወጥ ብቻ የሚነሳው ማነው፤ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ይታያችኋል። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሁልጊዜ ጎበዙ አይደለም፤ ዳኛ የሚያዳምጠውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቅ ይዘው የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። ማን ገንዘብ ተቀብሎ ስልክ እንደማያነሳ፣ ማን ቀጠሮ ሳያጎድል እንደሚመጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ጠበቃችሁ ታሳሪውን ሊጠይቅ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አሸነፈላችሁ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይህ ይሻላል፤ ማሸነፍ በማስረጃም ይወሰናል፣ መምጣት ግን በጠበቃው ብቻ።

የምትርቁት ደላላውን ነው። በፍርድ ቤት ደጅ «ጉዳይ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ራፖር ጸሐፊም ማመልከቻ ጽፎ ይሰጣችኋል እንጂ ችሎት ቆሞ አይከራከርላችሁም። ከአዲስ አበባ ጠበቃ ማምጣትስ? ለከባድና ውስብስብ መዝገብ ሊያዋጣ ይችላል፤ ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ የትራንስፖርትና የአልጋ ሒሳብ ይዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ሌሊትም ጣቢያ አይደርስላችሁም። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ መርዳት ከፈለገ ገንዘቡን ይላክ፤ ጠበቃውን እዚሁ ምረጡ።

4. ፈቃዱን አረጋግጡ

በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመሟገት የአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ የሚሰጠው የጥብቅና ፈቃድ አለ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመሟገት ደግሞ በአዋጅ 1249/2013 መሠረት የሚሰጥ የፌዴራል ፈቃድ። መታወቂያውን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። የታደሰ መሆኑንና ጉዳያችሁን በሚያየው ፍርድ ቤት የሚያሠራው መሆኑን እዩ። ጉዳዩ ወደፊት ፌዴራል ሰበር ሊደርስ ይችላል የሚል ሥጋት ካለ ያኔ ማን እንደሚቆም ከአሁኑ ተነጋገሩ።

5. የመጀመሪያው ንግግር

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ከሁለት ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ አትወስኑ፤ ጉዳዩ ቢያጣድፍም ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ማግኘት ይቻላል።

አንዲት እናት ወደ አንዱ ቢሮ ትገባለች እንበል። ሰውየው ሻይ ያዛል፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም የማውቃቸው ናቸው፣ በሳምንት አስወጣዋለሁ» ይላል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ይገባል። ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች።

«መቼ ነው የተያዘው እትዬ?»

«ትናንት፣ ከመግሪብ በኋላ።»

«ቃሉን ሰጥቷል?»

«እንጃ።»

«የፈረመው ወረቀት አለ?»

«እንጃ ልጄ፣ አላስገቡኝም።»

«ሌላ የተያዘ ሰው አለ አብሮት?»

«የአጎቱ ልጅና አንድ ጓደኛው።»

«እንግዲያው ዋጋውን ማታ እንነጋገራለን፤ አሁን ጣቢያ እንሂድ።»

ሁለተኛውን ያዙ። የመጀመሪያው የሸጠላት ተስፋ ነው፤ የዳኛ ትውውቅ እንደ ዕቃ ከሸጠላችሁ ደግሞ ነገ «ለዳኛው» ብሎ የሚጠይቃችሁ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ዳኛ ጋ ቢደርስም ባይደርስም እናንተን በሙስና ወንጀል ውስጥ ይከታችኋል።

ከእናንተ በኩል መጠየቅ ያለባችሁ ደግሞ አለ። ይህን ዓይነት መዝገብ ይዞ ያውቃል? መዝገቡን ራሱ ይይዘዋል ወይስ ረዳቱን ይልካል? የዋስትና ጥያቄውን በምን መሠረት ያቀርባል? የጉዳያችሁ ደካማ ጎን የቱ ነው? ይህን የመጨረሻውን በጥሞና ስሙ። ደካማ ጎን የለውም የሚላችሁ ጠበቃ ወይ አላነበበም ወይ ሊነግራችሁ አልፈለገም።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ከሳሹን ወይም ቤተሰቡን በሌላ ጉዳይ ይዘህ ታውቃለህ? ዘመድነት አለህ?» በቡና ቤት ሰላም መባባል ችግር የለውም፤ የተበዳይን የውርስ መዝገብ ዛሬም የያዘ ጠበቃ ግን የእናንተን ልጅ መያዝ የለበትም።

አብረው የተያዙ ልጆች ካሉ ወጪ ለመቀነስ አንድ ጠበቃ ለሦስቱ መያዝ የተለመደ ነው። የሦስቱም ቃል አንድ ከሆነ ይሠራል። አንዱ «ቢላዋው የእሱ ነው» ማለት በጀመረ ቀን ግን ያ ጠበቃ አንዱን ሲከላከል ሌላውን ይወጋል። ሐቀኛ ጠበቃ ይህን ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ካልነገራችሁ እናንተ አንሡት።

6. ዋጋና ውል

የወንጀል መዝገብ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ዋጋውም በዚያው ቢከፈል ይሻላል፦ የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ የሚጠይቅበት) እና የዋስትና ክርክር፣ ከክሱ መከፈት እስከ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮች፣ ተከላከል ከተባለ የመከላከያ ምስክሮች፣ ቅጣት፣ ይግባኝ። ሁሉንም በአንድ ጠቅሎ በአንድ ቀን የሚከፈል ገንዘብ ከሰጣችሁ፣ ጠበቃው በሦስተኛው ወር ስልክ ማንሳት ቢተው የምትይዙት ነገር የለም። ብዙ መዝገብ ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩን አሰምቶ ሲጨርስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 «መከላከል ሳያስፈልገው» ነጻ ተብሎ ሊዘጋ ይችላል፤ ያልተደረሰበት ደረጃ ክፍያ ለምን በቅድሚያ ይከፈላል?

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የየትኛው ፍርድ ቤት የየትኛው መዝገብ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚጨምር፣ የፎቶኮፒ፣ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በማን እንደሆነ ይጻፍበት። ኮምቦልቻ ያለ ጠበቃ ደሴ ለሚታይ ጉዳይ ስትይዙ ይህ የመንገድ ሒሳብ ትንሽ መስሎ ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። ክፍያውን በባንክ አስገቡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። «ነጻ አስወጣዋለሁ» የሚል ቃል ውል ውስጥ ካያችሁ አትደሰቱ፤ ፍርዱ በእጁ ያልሆነ ሰው የሚሸጠው ፍርድ ነው።

ደንበኛው ታሳሪው እንጂ ከፋዩ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ገንዘቡን የከፈለው አጎት ቢሆንም ጠበቃው የታሳሪውን ምሥጢር ለአጎቱ የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ባይነግራችሁ አትቀየሙት።

7. ገንዘብ ከሌለ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ተከላካይ ጠበቃ የሚባለው ይኸው ነው። የሚጠየቀው በችሎት ነው፤ ተከሳሹ ተነስቶ «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ይላል፣ ዳኛውም ይመዘግባል። ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ያልፋል።

ነጻ ስለሆነ ደካማ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በወንጀል ችሎት ላይ ከእነሱ በላይ የሚውል የለም። ችግራቸው የመዝገብ ብዛት ነው፤ ምስክር ለመፈለግ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ እናንተ አግዟቸው፦ የመከላከያ ምስክሮችን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ምን እንዳዩና የት ሆነው እንዳዩ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ስጡ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ለማስጻፍና ምክር ለማግኘት ጥሩ በር ነው። የግል ጠበቆችም ነጻ አገልግሎት የመስጠት የሙያ ግዴታ ስላለባቸው፣ መጠየቅ ልመና አይደለም። አማርኛ የማይችል ታሳሪ ካለ ደግሞ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት አለው፤ ከባቲ ወይም ከከሚሴ በኩል ለመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ይህ ከጠበቃው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው።

8. ሽምግልናውስ?

በወሎ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይገባል፣ በቃሉ ወረዳ በኩል አባጋር የሚባለው አስታራቂ ይቀመጣል፤ ይህ መልካም ነው፣ ደም ያደርቃል። ግን ጠበቃ ሳታማክሩ አትግቡበት። በባህላችን እርቅ ሲጀመር የበዳይ ወገን «አጥፍተናል፣ ማሩን» ብሎ ድንጋይ ይሸከማል። ያንን የሰማ ሽማግሌ ነገ ምስክር ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ልጃችሁ ደግሞ ጭራሹን በቦታው አልነበርኩም ብሎ የሚከራከር ቢሆንስ?

ሌላው፣ እርቅ ሁሉንም ክስ አያስቀርም። በግል አቤቱታ የሚቀርቡ ቀላል ወንጀሎች፣ እንደ ስድብና ቀላል ድብደባ ያሉት፣ ተበዳይ ሲታረቅ ሊቋረጡ ይችላሉ። ግድያና ዘረፋ ግን ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥልባቸዋል። እርቁ ያኔ የሚጠቅመው በቅጣት ጊዜ ነው፤ መጸጸትና ጉዳትን መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው። ስለዚህ የእርቁን ሰነድ ጠብቁ፣ አጻጻፉን ግን ከመፈረሙ በፊት ጠበቃው ይየው።

9. ጠበቃው ከተያዘ በኋላ የእናንተ ሥራ

ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ይህ ሊደጋገም ይችላል። በየቀጠሮው ጠበቃው «ባለፈው የተሰጠው ጊዜ በምን ሥራ ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቁን አስተውሉ። ካልጠየቀ ምክንያቱን ጠይቁት።

ለዋስትና ቀድማችሁ ተዘጋጁ። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ፣ የቀበሌ መታወቂያ። ዋስትና ተፈቅዶ ወረቀት ባለመሟላቱ ብቻ ቅዳሜና እሑድን በእስር የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው። ዋስትናው ከተከለከለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ጉዳዩን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አታውጡ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ቤት አታንኳኩ። ምስክር ያባብላል የሚል ጥርጣሬ ራሱ ዋስትና ማስከልከያ ነው።

ጠበቃው ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ ያለ ምክንያት ከቀረ በጽሑፍ አስጠንቅቁት፤ ካልታረመ ቀይሩት፣ ፈቃዱን ለሰጠው አካል አቤቱታ ማቅረብም ትችላላችሁ። ስትለያዩ የክስ ማመልከቻውን፣ የማስረጃ ዝርዝሩንና የትእዛዝ ግልባጮቹን ተረከቡት፤ አዲሱ ጠበቃ ባዶ እጁን አይጀምር።

ፍርድ ከተሰጠና ካልተስማማችሁበት፣ ይግባኝ ለማለት ማሳወቂያው በ15 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ። ግልባጩን ፍርዱ በተነበበበት ቀን ከመዝገብ ቤት ጠይቁ፤ መጠየቃችሁን የሚያሳይ ማመልከቻ ላይ ማኅተም አስደርጉና ቅጂውን ያዙ። ይግባኙ የት እንደሚታይ ከሬጅስትራር አረጋግጡ፤ መቀመጫው ባሕር ዳር ወደሆነው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ የደሴው ጠበቃ አብሮ ይሄድ ወይስ እዚያ ያለ ይያዝ የሚለውን፣ ከነመንገድ ሒሳቡ፣ በአዲስ ውል ጻፉት።